«የንጉሡ ማኅተም አለበት» የተባለው የግድግዳ መቅረዝ፦ ፊቱን ትተን ጀርባውን ስናየው

ከፓሪስ ዳርቻ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከአንድ ጨረታ ላይ ጥንድ የግድግዳ መቅረዝ ገዝተዋል፤ ፈረንሳዮቹ አፕሊክ የሚሉትን። ነሐስ ነው፣ በወርቅ የተለበጠ፣ ሁለት ሁለት ክንድ ያለው፤ አናቱ ላይ የሪባን ቋጠሮ፣ ወገቡ ላይ የአውራ በግ ራስ አለበት። ደረሰኙ «ስቲል ሉዊ ሴዝ» (የሉዊ 16ኛ ስልት) ይላል። ጀርባው ላይ «ሴ» (C) የምትባለው የላቲን ፊደል ዘውድ ደፍታ ስለምትታይ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ «የንጉሡ ማኅተም ነው፤ የማሪ አንቷኔት ዘመን ዕቃ ነው የገዛሽው» ብሏቸዋል። አክስታቸው ደግሞ በሎሚና በአመድ እሺው እያሏቸው ነው። ዕድሜው ስንት ነው? ይወልወል ወይ? የተዘረጋበት አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦስ ምን ይሁን? በመጨረሻም ያው ነጋዴ ሊሸጥላቸው ያቀረበውን የጠረጴዛ መብራት ልግዛው ወይ ብለዋል።

መልሱን ላስቀድም። እህቴ፣ መቅረዞችዎ ከ1860 እስከ 1900 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ ይመስሉኛል፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የሉዊ 16ኛ ሚስት ማሪ አንቷኔት በዓይኗ አላየቻቸውም። ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ እጅ የሠራቸው ናቸው። ሎሚውን ለሰላጣ ያቆዩት።

ደረሰኙ እውነቱን ነግሮዎት ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ በመጋቢት 1981 የወጣ ድንጋጌ አለ፤ የሥነ ጥበብና የአሮጌ ዕቃ ሻጭ የትኛውን ቃል መቼ መጠቀም እንደሚችል የሚወስን። ሻጩ የዕቃውን ስም ጠርቶ ወዲያው ዘመን ከጠቀሰ፣ ለምሳሌ «የሉዊ 16ኛ ዘመን» ብሎ ከጻፈ፣ በዚያ ዘመን ለመሠራቱ ዋስትና ሰጥቷል ማለት ነው። ከፊሉ ክፍል በኋላ የተተካ ከሆነም ለገዢው መንገር አለበት። «ስቲል» ካለ ግን ስለ ዕድሜው ምንም ዋስትና አልሰጠም፤ «በዚያ ዘመን ስልት» ማለቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨረታ ቤቱ አላታለለዎትም። ያሳሳተዎት በኋላ የመጣው ነጋዴ ነው፤ እሱ ደግሞ በአፉ እንጂ በጽሑፍ ምንም አልሰጠዎትም። ወደፊት ሲገዙ ሻጩ የሚለውን ሁሉ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁት። እንዴት ቶሎ ድምፁ እንደሚለሳለስ ያያሉ።

ወደ ዘውዷ እንምጣ። ይቺ ምልክት የሠሪ ስምም አይደለችም፣ የቤተ መንግሥት ንብረት መለያም አይደለችም። የግብር ማረጋገጫ ናት። ከ1745 እስከ 1749 ድረስ በሉዊ 15ኛ ዘመን መዳብና መዳብ የተቀላቀለባቸው ዕቃዎች ላይ ግብር ተጥሎ ነበር፤ ግብሩ የተከፈለበት ዕቃ ይህቺ ዘውዳም ፊደል ትመታበታለች። አዲስ ለተሠራውም፣ በነዚያ ዓመታት ለተሸጠው አሮጌ ዕቃም ያው ነው። እንግዲህ ምልክቷ ሐቀኛ ብትሆን ኖሮ መቅረዝዎ ከ1749 በፊት የተሠራ መሆን ነበረበት። ያን ጊዜ ግን ፓሪስ ውስጥ የአውራ በግ ራስ፣ የግሪክ ቁልፍ ጌጥና ቀጥ ያለ ቦይ የወረደበት ዓምድ የሚያሠራ ሰው አልነበረም። ፋሽኑ ሮኮኮ ነው፤ የሚጠማዘዝ ቅጠል፣ ዛጎል፣ የግራና የቀኝ መመሳሰል የሌለው ቅርጽ። የበግ ራሱና ዓምዱ ከጥንታዊ ግሪክና ሮማ የተቀዱ ናቸው፤ እሳተ ገሞራ ከቀበራቸው የሮማውያን ከተሞች ሄርኩላኒየም መቆፈር የጀመረው በ1738 ነው፣ ፖምፔ በ1748። የሉዊ 15ኛ ውሽማ የማዳም ደ ፖምፓዱር ወንድም፣ በኋላ የማሪኚ ማርኪስ የተባለው፣ አርክቴክቱን ሱፍሎንና የሕትመት ሥዕል ቀራጩን ኮሸንን አስከትሎ ጣሊያንን ሊያይ የሄደው በ1749 ነው። የ«ግሪክ ጣዕም» ፓሪስን የያዘው ከዚያ በኋላ፣ በ1750ዎቹ መጨረሻና በ1760ዎቹ ነው። ሉዊ 16ኛ የነገሠውም በ1774። ስለዚህ ነጋዴው ማስረጃ ብሎ ያሳየዎት ምልክትና የዕቃው ቅርጽ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም።

የላኩትን ፎቶ አጉልቼ ሳየው የፊደሏ ጠርዝ የደበዘዘ ነው። እውነተኛዋ ምልክት ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን፣ በብረት ማኅተምና በመዶሻ የተመታች ስለሆነች ጠርዟ ስል ነው፤ ዙሪያዋም ብረቱ በመጠኑ ሰርጉዶ ይታያል። የእርስዎ ከነሐሱ ጋር አብራ የቀለጠች ትመስላለች። አንድ ሰው ምልክቷ ካለባት ሌላ አሮጌ ዕቃ ላይ ቅርጿን ወስዶ ሞዴሉ ላይ ለጥፏታል ማለት ነው። ክፋት ይሁን ጌጥ መስላው ይሁን እግዜር ይወቅ።

«ታዲያ የሠሪው ስም የታለ?» ማለትዎ አይቀርም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ነሐስ አብዛኛው ስም የለበትም። የዕንጨት ዕቃ ሠሪዎች በማኅበራቸው ደንብ ስማቸውን እንዲመቱ ይገደዱ ነበር፤ ነሐስ አቅላጮችና ለባጮች ግን ያ ግዴታ አልነበረባቸውም። ስለዚህ አንድ ሰው «የታዋቂው ለባጭ የጉቲዬር ሥራ ነው» ካለዎት የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁት፤ የክፍያ ሰነድ፣ የርስት ዝርዝር፣ የድሮ ጨረታ ካታሎግ። ከሌለው እያወራ ነው።

አሁን ወደ ጀርባው። ይህንን ትንሽ ላስፋው፤ ዕድሜን ከምንም በላይ የሚናገረው እሱ ነውና።

በሉዊ 16ኛ ዘመን ነሐስ በወርቅ የሚለበጠው በባዜቃ ነበር፤ ዛሬ ሜርኩሪ በምንለው። ለባጩ ወርቁን በስሱ ቀጥቅጦ ይቆራርጥና ከጋለ ባዜቃ ጋር ያዋህደዋል፤ እንደ ቅቤ የሚቀባ ለስላሳ ነገር ይሆንለታል። ነሐሱን በአሲድ ያጸዳዋል፣ ያንን ቅባት በናስ ሽቦ ብሩሽ ፊቱ ላይ ያዳርሰዋል፣ ከዚያ ከሰል ላይ ይይዘዋል። ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ነሐሱን እንደያዘ ይቀራል። አንዴ አይበቃም፤ ጥሩ ሥራ ከተፈለገ ይደጋገማል። ሲያበቃ ከፊሉ በአጌት ድንጋይ ተፍቆ እንደ መስተዋት እንዲያበራ ይደረጋል፤ ከፊሉ ደግሞ ጨዋማ ድብልቅ ተቀብቶ ይጋልና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ያኔ ብርሃን የማይወረውር ደብዛዛ ወርቅ ይሆናል። ደብዛዛው ወርቅ ከ1770 ገደማ ጀምሮ ፓሪስን አሳበደ። ስሙ ከሱ ጋር አብሮ የሚነሣው ፒዬር ጉቲዬር ነው፤ ለሌላዋ የሉዊ 15ኛ ውሽማ ለማዳም ዱ ባሪ የሉቭሲዬን መዝናኛ ቤትና ለንጉሡ ወንድም የባጋቴል ቤት የሠራው። ሥራው ከጌጣ ጌጥ ሠሪ ሥራ አይተናነስም። ደንበኞቹ ግን ከፋይ አልነበሩም፤ በ1787 ከሰረ፣ በ1813 ደኅይቶ ሞተ።

ታዲያ ወርቅ ውድ ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም የማያየው ጀርባ ላይ ለባጩ ወርቁን አያባክንም። ስለዚህ የዘመኑን ዕቃ ገልብጠው ሲያዩት ጀርባው ቡናማ፣ ባዶ ነሐስ ነው፤ ቆዳው ላይ የአሸዋ ቅርጹ ሻካራነትና የሞረድ ጭረት ይታያል። ከፊት ጠርዝ ላይ የተንጠባጠበ ወርቅ ደግሞ እዚህም እዚያም ጀርባው ላይ ፈሶ ደርቋል፤ ምላስ ምላስ መስሎ። ያንን ካየሁ ልቤ ይመታል።

የእርስዎ መቅረዝ ጀርባ ግን ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ዓይነት ቢጫ ነው፤ የቅጠሉ ስርጉድ ውስጥ፣ የብሎኑ ቀዳዳ አፍ ላይ ሳይቀር። ይህን የሚያደርገው ብሩሽ ሳይሆን የኤሌክትሪክ መንከሪያ ነው፤ ወርቅ በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ዕቃው ይንጠለጠልና የኤሌክትሪክ ኃይል ወርቁን ያገኘው ቦታ ሁሉ ላይ ያስቀምጠዋል። ዘዴው በ1840 በእንግሊዙ ኤልኪንግተን ስም ፓተንት ወጣበት፤ ወዲያው ፈረንሳይ ውስጥ ክሪስቶፍል መብቱን ገዝቶ ሠራበት። ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የኤሌክትሪክ ወርቅ ብቻውን አይፈርድም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ወርቁ አልቆበት በ1880 እንደገና ተለብጦ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒውም በባዜቃ የተለበጠ ሁሉ የሉዊ 16ኛ አይደለም፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ ሠሪዎች ለውድ ሥራቸው አሮጌውን ዘዴ አልተዉም ነበር። ስለዚህ ሌሎች ምስክሮች መጥራት ነበረብኝ፤ እነሱም ካቻቢቴ ይዘው ሲፈቱት የላኩልኝ ፎቶዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ዳዶው ነው። በእጅ ጥርስ የወጣለት የድሮ ብሎን የራሱን ዳዶ እንጂ የጎረቤቱን አይቀበልም፤ ለዚህም ነው የድሮ ሠራተኞች የትኛው ከየት እንደሚገጥም ለማወቅ ነጥብ ወይም ጭረት የሚያደርጉበት። የእርስዎ አራቱም ዳዶዎች ተለዋውጠው ገቡ፤ የማሽን ጥርስ ነው። ሁለተኛው ክንዶቹ ናቸው፤ ውስጣቸው ባዶ ነው፣ ቱቦ። ለሻማ ብቻ የተሠራ ክንድ ክፍት መሆን አያስፈልገውም። ሦስተኛውና በጣም የወደድኩት፦ ከያንዳንዱ መቅረዝ ሥር፣ ክንዶቹ ከሚገናኙበት በታች፣ በነሐስ ተደፍና የተሞረደች ክብ ቀዳዳ አለች። የጋዝ መክፈቻ የነበረባት ይመስለኛል። መቅረዝዎ ከመጀመሪያው በቧንቧ ለሚመጣው የከተማ መብራት ጋዝ ተሠርቶ፣ በኋላ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀዳዳው ተደፍኖ ሽቦ በዚያው ቱቦ የተሳበበት ነው። 1860 እስከ 1900 ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ስለ ባዜቃ ካነሣሁ ይቺን ሳልናገር አላልፍም። ያ ተንኖ የሚሄደው ባዜቃ የሚሄደው ወደ ለባጩ ሳንባ ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ሳይገፋ ያልፋሉ። በናፖሊዮን ዘመን ከታወቁት የነሐስ ሠሪዎች አንዱ የነበረው አንቷን አንድሬ ራቭሪዮ በ1814 ሲሞት በኑዛዜው 3,000 ፍራንክ ተወ፤ ለባጮቹን ከመመረዝ የሚያድን ዘዴ ላገኘ ሰው እንዲሰጥ። ሽልማቱን የወሰደው ኬሚስቱ ዳርሴ ነው፤ ጢሱን በኃይል ስቦ ወደ ጭስ ማውጫ የሚያወጣ ምድጃ ሠርቶ በ1818 ጽሑፉን አሳተመ። ሙዚየም ውስጥ «እንዴት ያበራል!» እያልን የምናልፈው ወርቅ በሰው ትንፋሽ የተገዛ መሆኑን ራቭሪዮ ያወቀው ከውስጥ ሆኖ ነው።

ለምን በ1860ዎቹ የሉዊ 16ኛ ዕቃ እንደ አዲስ ተሠራ? የናፖሊዮን 3ኛ ሚስት እቴጌ ኡዤኒ ማሪ አንቷኔትን እንደ ቅድስት የምታይ ሴት ነበረች፤ በ1867 ቨርሳይ ፔቲ ትሪያኖን ውስጥ የንግሥቲቱን መታሰቢያ ኤግዚቢሽን እስከ ማዘጋጀት ደርሳለች። እቴጌዋ የወደደችውን ባለጸጋው ሁሉ ወደደ። አንሪ ዳሶን፣ ቦርዴሌ፣ ባርብዲዬን፣ በኋላ ፍራንሷ ሊንክ የሠሯቸው ዛሬ በራሳቸው ስም ይፈለጋሉ፤ ብዙ ጊዜም ስማቸው ተቀርጾባቸዋል። የእርስዎ ላይ ስም አላየሁም፤ ስለዚህ የነሱ ነው አልልም። ነገር ግን የበጉ ቀንድ ላይ ያለውን ጭረት ይመልከቱት፤ እያንዳንዱ ቀለበት በመሮ ለየብቻው ተቀርጿል። የፀጉሩ ጥቅልል ሥር መሣሪያው ገብቶ ወጥቷል። ርካሽ ዕቃ ላይ ያንን የሚያደርግ የለም፤ ቀልጦ እንደወጣ ይለበጥና ይሸጣል። እኔ በበኩሌ ተጠጋግኖ ግማሹ ከተተካ የ1780 መቅረዝ ይልቅ እንዲህ ያለ ሙሉ ጥንድ የ1870 ሥራ ግድግዳዬ ላይ ብሰቅል እመርጣለሁ። ነጋዴዎች በዚህ አይስማሙም፤ እነሱ የሚሸጡት ዘመን ነው።

ማጽዳቱ ላይ ግን ቆጣ ብዬ ልናገር። ወርቅ አይጠቁርም። የጠቆረው ያረፈበት ነገር ነው፦ አቧራ፣ የሻማ ጥቀርሻ፣ የሲጋራ ጢስ፣ አሮጌ ቫርኒሽ፤ ወይም በወርቁ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሾልኮ የወጣ የመዳብ ዝገት። የአክስትዎ ሎሚ ለሰሃንና ለማንቆርቆሪያ ይሠራል፤ እዚያ የሚታጠበው ራሱ መዳቡ ነውና። እዚህ ግን አሲዱ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ከወርቁ ሥር ያለውን ነሐስ ይበላል፤ አመዱ ደግሞ በኤሌክትሪክ የተለበጠውን ስስ ወርቅ ይልጠዋል። ሁለቴ ከታሸ የበጉ አፍንጫ ቀይ ነሐስ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ሱቅ የሚሸጠው የብረት መወልወያም ያው ነው፤ የሚፍቅ ዱቄት አለበት፤ ብዙውም አሞኒያ አለበት፤ አሞኒያ ደግሞ ናስን ያሰነጥቃል።

ሽቦውን ከግድግዳ ነቅለው፣ አውርደው፣ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፈው ያስተኙት። ደርቆ የቀረ የሻማ ሰም ካለ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው በዕንጨት ስንጥር ያንሡት፤ ቢላ አያስጠጉ። ሰሙ ሥር አረንጓዴ ካዩ አይደንግጡ፣ የሰሙ ቅባትና መዳቡ ተገናኝተው የፈጠሩት ነው። የቀረውን ቅባት ኋይት ስፒሪት የሚባለው የቀለም ማቅጠኛ በነካ ጥጥ ያንሡ። ከዚያ በዲስቲልድ ውኃ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና ጨምረው፣ በጆሮ ጥጥ እያንከባለሉ፣ ሳይፈትጉ። ጥጡ ሲጠቁር ይጣል፣ አዲስ ይያዝ። በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ ወዲያው ይድረቅ። አስቀድመው ግን ጀርባው ላይ ድብቅ ቦታ መርጠው ጥቂት አሴቶን ይሞክሩ፤ ጥጡ ላይ ቢጫ ቀለም ከመጣ ያ ወርቅ ሳይሆን ባለ ቀለም ቫርኒሽ ነው፤ እዚያ ላይ ያቁሙና ባለሙያ ያሳዩት። ሁሉንም ጥቁር ማስለቀቅም አያስፈልግም። ስርጉዱ ውስጥ ያለው ጥላ ቀረጻውን ያጎላዋል።

ሽቦው በጨርቅ የተሸፈነው አሮጌ ዓይነት ነው፤ ከሥሩ ያለው ጎማ ተሰነጣጥቋል። አያብሩት። አካሉ በሙሉ ብረት ስለሆነ ሽቦው አንድ ቦታ ከነካው መቅረዙ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በዚያው ቱቦ አዲስ ሽቦ እንዲሳብና ኧርዝ እንዲገጠም ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይንገሩት፤ ሁለት ነገር ግን ያስምሉት። ትራፓኖ አያነሣም፣ ምንም አይበይድም። ብየዳው ወርቁን ያጠቁረዋል፤ ዕቃው በባዜቃ የተለበጠ ቢሆን ደግሞ ከወርቁ ጋር የቀረው ባዜቃ ሲግል ይተናል። የሚወልቀውን አሮጌ ክፍል በፖስታ አሽገው ያስቀምጡት፤ አንድ ቀን የሚገዛዎት ሰው ይጠይቅዎታል።

አምፖሉን ደካማ ያድርጉት። ደብዛዛውና የሚያበራው ወርቅ ጎን ለጎን የተደረጉት ለሚንቀጠቀጥ የሻማ ነበልባል ነው፤ ጠንካራ ነጭ አምፖል ሁሉንም አንድ ዓይነት ቢጫ ያደርገዋል። 2,200 ኬልቪን የሆነ ኤልኢዲ ይበቃል፤ አይግልምም። ቢቻል መስተዋት ግራና ቀኝ ይስቀሏቸው። የድሮዎቹም እንዲያ የሚያደርጉት ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ጥሩ የሰም ሻማ ውድ ስለነበር መስተዋቱ አንዱን ነበልባል ሁለት ያደርግላቸዋል።

የቀረው የጠረጴዛው መብራት ነው። ቡዮት የሚባለው፣ በካርታ ጨዋታ ስም የተሰየመው ዓይነት ነው፦ ከታች የጨዋታ ጠጠር የሚቀመጥበት ሰሃን፣ መሐል ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ላዩ ላይ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ጥላ። ጥላው ዘንጉ ላይ የሚወርድና የሚወጣው በምክንያት ነው፤ ሻማው እያጠረ ሲሄድ ነበልባሉ ዓይን እንዳይወጋ ጥላው አብሮ ይወርዳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለአምፖል ተብሎ በብዛት ተሠርቷል፤ አብዛኛው ገበያ ላይ ያለውም ያ ነው። ነጋዴው ፊት ጥላውን የያዘውን ብሎን ፈትተው ዝቅ ያድርጉት። ዘንጉ ላይ ጥላው ለረጅም ጊዜ ሲንሸራተት የተወው ጭረት ከሌለ፣ ወይም ጥላው ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ፣ ከሥሩ ደግሞ ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ እንደ አዲስ ሳንቲም ጠርዝ ንጹሕ ከሆነ፣ ለሻማ የተሠራ አይደለም። እንደ አዲስ መብራት ዋጋ ይስጡት፤ እምቢ ካለ ይተዉለት።